ወረርሽኝ ሲጀምር ምርመራ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ኮሮና በገባበት መጋቢት 2012 ላይ አብዛኞቻችን በየቀኑ የምንጠብቃት አንዲት መግለጫ ነበረች። «ባለፉት 24 ሰዓታት ይህን ያህል ሰዎች የላቦራቶሪ ምርመራ ተደርጎላቸው፣ ይህን ያህሉ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል።» ዓይናችን ተንደርድሮ የሚያርፈው ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው። ዝቅ ካለ እፎይ እንላለን፤ ከፍ ካለ ቤተሰብ ጋ መደወል እንጀምራለን። የመጀመሪያውን ቁጥር፣ ስንት ሰው ተመረመረ የሚለውን፣ ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ሰው ነበር። ነገሩ ሁሉ ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

ያልተመረመረ ሰው አይቆጠርም። በቃ። ምርመራ ጥቂት ሲሆን ደግሞ ማን ይመርመር የሚለውን የሚወስን መመሪያ ይወጣል። መመሪያው «ከቻይና የመጣ ብቻ» ካለ የሚገኘው በሽተኛ በሙሉ ከቻይና የመጣ ይሆናል። ከዚያ ባለሥልጣኑ ማይክ ፊት ቆሞ «እስካሁን የተያዙት በሙሉ ከውጭ የመጡ ናቸው፣ ማኅበረሰቡ ውስጥ ስርጭት የለም» ይላል። ሰውየው አልዋሸም። ግን ሳይፈልጉ አላገኘንም ማለት ምን የሚሉት ዜና ነው?

ይሄ ደሃ አገር ውስጥ ብቻ የሆነ ቢሆን በድህነት አመካኝተን እናልፈው ነበር። ክፉኛ የተበላሸው ግን አሜሪካ ነው፤ ገንዘቡም፣ ሳይንቲስቱም፣ ማሽኑም የተረፈው አገር። እንዴት እንደዚያ ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ ስለሚገርመኝ አብዛኛውን ወሬ እሱ ላይ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ወደ እኛ እመጣለሁ። (የውጭ ቀኖቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፣ እንዳትደናገሩ።)

መጀመሪያ ምርመራው ራሱ። ያኔ «ኪት» ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለች፣ ጠብ አድርገው ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው መስመር የሚያዩባት ነገር ነበረች። እንደዚያ ዓይነቷ ፈጣን መመርመሪያ በብዛት የመጣችው በኋላ ነው። መጀመሪያ የነበረው ፒሲአር ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ እጅ የሚነካው ረጅም ሥራ ነው።

አንድ ባለሙያ መከላከያውን ለብሶ ስዋብ የምትባለውን ቀጭን የናሙና መውሰጃ በአፍንጫ አስገብቶ እስከ ጉሮሮ ጀርባ ድረስ ይሰዳታል። ያደረጋችሁት ታውቁታላችሁ፣ እንባ ያመጣል። ስዋቧ ቫይረሱን በሚያቆይ ፈሳሽ ውስጥ ትገባለች፣ ቅዝቃዜዋን ጠብቃ ላቦራቶሪ ትደርሳለች። እዚያ ከናሙናው ውስጥ የቫይረሱ ዘረ መል፣ አርኤንኤ የሚባለው፣ በኬሚካል ተለይቶ ይወጣል። ወደ ዲኤንኤ ይገለበጣል። ከዚያ ማሽን ውስጥ ገብቶ እየሞቀ እየቀዘቀዘ በየዙሩ እጥፍ እጥፍ ይባዛል፣ 40 ዙር ያህል። አንዲት ቅንጣት በ30 ዙር ከ1 ቢሊዮን በላይ ትሆናለች፤ ምርመራው ጥቂት ቫይረስ እንኳ የማያመልጠው ለዚህ ነው። ናሙናው ውስጥ ያለው ሁሉ ግን አይባዛም። ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር የዘረ መል ቁራጮች የዚያን ቫይረስ የተወሰነ ቦታ ፈልገው ይይዛሉ፣ የሚባዛው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከበሽተኛው ናሙና ጎን ምንም ቫይረስ የሌለበት ንጹሕ ውሃም አብሮ ይመረመራል። ውሃው ነጻ ሆኖ መውጣት አለበት። ውሃው ራሱ «ቫይረስ አለብኝ» ካለ በዚያ ዙር የወጣው ውጤት በሙሉ አይታመንም። ይህችን ውሃ ያዙልኝ።

እንግዲህ ቁጠሩት። ስዋቡ፣ ፈሳሹ፣ አርኤንኤ ማውጫው ኬሚካል፣ ፕራይመሩ፣ ማሽኑ፣ የማሽኑ ባለሙያ፣ ባለሙያው የሚለብሰው ጓንትና ማስክ። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ሌላው ሁሉ ተገትሮ ይቀራል። ዱቄቱ ሞልቶ እርሾ የጠፋበት ቤት በሉት። በወትሮው እርሾ ከጎረቤት ትበደራላችሁ፤ ያኔ ግን ጎረቤቱ ሁሉ እርሾ የጨረሰው በዚያው ሳምንት ነው።

ማጋነን አይደለም። ስዋብ በብዛት ከሚያመርቱት የዓለማችን ጥቂት ፋብሪካዎች አንዱ ኮፓን ነው፤ ያለው ጣሊያን ውስጥ ብሬሺያ ነው፣ ሎምባርዲ፤ ማርች 2020 ላይ በሽታው አውሮፓ ውስጥ አብዝቶ የፈጀው አካባቢ ማለት ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል ከጣሊያን ስዋብ በወታደራዊ አውሮፕላን ያጓጓዘበት ጊዜ ነበር። ሌላው ትልቅ አምራች ፒዩሪታን ደግሞ ሜይን በምትባል የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ጊልፎርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ የቤተሰብ ፋብሪካ ነው። የዓለም ሕዝብ አፍንጫ በነዚህ እጅ ወደቀ። አርኤንኤ ማውጫው ኬሚካልም እንደዚያው ነው፤ ኪያጀንን የመሰሉ ጥቂት ድርጅቶች ያመርቱታል፣ ሁሉም አገር በአንድ ጊዜ ሲያዝ አለቀ።

የመንግሥት ሆስፒታል ደጅ የጠና ሰው ይህን ቋንቋ ያውቀዋል። «ሪኤጀንት (የምርመራው ኬሚካል) አልቋል፣ ውጭ አሠሩት።» በ2020 ይህን ዓረፍተ ነገር ኒውዮርክና ለንደንም ተማሩት። ልዩነቱ፣ «ውጭ» የሚባለው ቦታም ሪኤጀንት አልነበረውም።

አሁን ወደ አሜሪካ። የቫይረሱ ዘረ መል ቅደም ተከተል ኢንተርኔት ላይ የተለቀቀው ጃንዋሪ 2020 ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። በቀናት ውስጥ በርሊን በሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል የክርስቲያን ድሮስተን ቡድን የምርመራ ዘዴ አዘጋጀ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ለዓለም አሰራጨው። ድርጅቱ ፌብሩዋሪ ላይ 250,000 ምርመራ የሚሠራ ኪት ከ70 በላይ ላቦራቶሪዎች መላኩን ተናገረ። አሜሪካ በራሷ መንገድ ሄደች። ይሄ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ሲዲሲ፣ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ የራሱን ምርመራ ሲሠራ የኖረ ነው፣ ብዙ ጊዜም ጥሩ አድርጎ ይሠራል። በዚያን ሰሞን «አሜሪካ የዓለም ጤና ድርጅትን ኪት እምቢ አለች» የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር፣ ያን ያህል እውነት የለውም። ድርጅቱ የሚልከው በዋናነት ራሳቸው መሥራት ለማይችሉ አገሮች ነበር።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ፣ ኤፍዲኤ፣ የሲዲሲን ምርመራ ፌብሩዋሪ 4 ፈቀደ። ኪቶቹ ወዲያው በየግዛቱ ላሉት የመንግሥት ላቦራቶሪዎች ተላኩ። ላቦራቶሪዎቹ በሽተኛ ከመመርመራቸው በፊት እንደ ደንቡ ኪቱን ፈተሹ። ያቺ ውሃ «ቫይረስ አለብኝ» አለች።

አስቡት። አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን ብዙ ግዛቶች ውስጥ፣ ንጹሑ ውሃ በሽተኛ ሆኖ ወጣ። ምርመራው የቫይረሱን ሦስት ቦታዎች የሚፈልግ ነበር፣ ችግር ያሳየው በተለይ ሦስተኛው ነው። ሲዲሲ ራሱ በኋላ በ2021 መጨረሻ ያወጣው ጥናት ሁለት ነገር አገኘ፤ አንደኛው የኪቱ ክፍል ሲመረት በላቦራቶሪ ውስጥ በተሠራ የቫይረሱ ዘረ መል ተበክሏል፣ ሌላኛው ክፍል ደግሞ አነዳደፉ ራሱ ችግር ነበረበት፣ ቁራጮቹ ቫይረስ ሳይኖር እርስ በርስ እየተጣበቁ ምልክት ይሰጣሉ። መፍትሔው ሲታይ አያስቅም? ሦስተኛውን ክፍል ተዉትና በሁለቱ ሥሩ የሚል ነበር። ይህን ለማለት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ተጠበቀ። በየሁለት በየሦስት ቀኑ እጥፍ ለሚሆን በሽታ ያ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተው ልተወው።

በዚህ መሀል የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የት ነበሩ? ማሽን አላቸው፣ ቫይሮሎጂስት አላቸው፣ የበርሊኑ ዘዴ ታትሞ ወጥቷል። በሰላሙ ጊዜ ለራሳቸው በሽተኛ ምርመራ አዘጋጅተው ለመጠቀም የኤፍዲኤን ፈቃድ አይጠብቁም። ነገሩ የተገለበጠው ጃንዋሪ 31 መንግሥት የጤና አስቸኳይ ጊዜ ሲያውጅ ነው፤ አዋጁ ሲታወጅ ነገር መፍጠን ሲገባው፣ በሕጉ አሠራር መሠረት ላቦራቶሪዎቹ ከዚያ በኋላ ልዩ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው ተባለ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ምርመራውን ሲያዘጋጅ የነበረው አሌክስ ግሬኒንገር ማመልከቻውን በኢሜይል ላከ፤ አይ፣ በወረቀት አትምና በሲዲ ገልብጠህ በፖስታም ላክ ተባለ። እኛ «ማኅተም የጎደለው» ተብለን የተመለስን ሰዎች ይህን ስንሰማ ዘመድ ያገኘን ያህል ነው የሚሰማን። ኤፍዲኤ ላቦራቶሪዎቹን ፈቃዱ ሳይደርሳችሁም ጀምሩ ያላቸው ፌብሩዋሪ 29 ነው። የወሩ ማብቂያ።

እንግዲህ በመላ አገሪቱ አስተማማኝ ምርመራ የሚሠራው በዋናነት አትላንታ ያለው አንድ ተቋም፣ ሲዲሲ፣ ሆነ ማለት ነው። የምርመራ አቅም እንደዚህ ሲጠብ የሚመጣው ነገር መስፈርት ነው። ይሄ ክፍል ነው ከሁሉም የሚያንገበግበኝ።

በዚያን ሰሞን ሲያትል አካባቢ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሴት አስቡ። ልብ ወለድ ናት፣ ግን ሲያትልም ዲሲም ያሉ ሐበሾች ብዙዎቹ እዚህ ሥራ ላይ ስለሆኑ እሷን የምትመስል ዘመድ አታጡም። ትኩሳት አላት፣ ደረቅ ሳል ይዟታል፣ የቡናው ሽታ ጠፍቶባታል። ስልክ ትደውላለች።

«ባለፉት 14 ቀናት ቻይና ሄደሻል?»

«ኧረ አልሄድኩም።»

«በኮሮና መያዙ በምርመራ ከተረጋገጠ ሰው ጋር ተገናኝተሻል?»

«እኔ እንጃ፣ ሥራ ቦታ እንደኔ የሚያስላቸው ሰዎች አሉ።»

«ተመርምረው ተረጋግጦባቸዋል?»

«እነሱንም አልመረመሯቸውም።»

«እንግዲያው መስፈርቱን አታሟዪም።»

እሷ እንድትመረመር እነሱ መመርመር አለባቸው። እነሱ እንዲመረመሩ ደግሞ ሌላ የተመረመረ ሰው መነካካት አለባቸው። መግቢያ የሌለው ቀለበት ነው። እሷ ደግሞ ነገ ጠዋት ሥራ ትገባለች፣ ምክንያቱም «ኮሮና አለብሽ» ያላት የለም፣ የሕመም ፈቃድ የሚሰጣት ወረቀት የላትም፣ የቤት ኪራይ አለባት።

ይህ በምናብ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሶላኖ ካውንቲ የምትኖር አንዲት ታማሚ የጉዞ ታሪክም ንክኪም አልነበራትም። የዩሲ ዴቪስ ሆስፒታል ሐኪሞች ትመርመር ብለው ጠየቁ፣ መስፈርቱን ስለማታሟላ ለቀናት ዘገየ። ፌብሩዋሪ 26 ውጤቷ ሲታወቅ በአሜሪካ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ የመጀመሪያው በሽተኛ ተባለ። በዚያው ሳምንት ሲያትል ላይ ሔለን ቹ የምትባል ሐኪምና ተመራማሪ፣ ለኢንፍሉዌንዛ ጥናት ብላ ከሰበሰበቻቸው የአፍንጫ ናሙናዎች ላይ ኮሮናን ልመርምር ብላ ጠይቃ ፈቃድ አጥታ ነበር። ላቦራቶሪው ለታማሚ ውጤት ለመስጠት የተመዘገበ አይደለም፣ ናሙና ሰጪዎቹም ለዚህ አልፈቀዱም የሚል ነው ምክንያቱ። ሕጉን ካያችሁት ምክንያቱ ምክንያት ነው። እሷና ቡድኗ ፌብሩዋሪ 25 ያለፈቃድ መረመሩ። ወዲያው የትም ያልተጓዘ አንድ ጎረምሳ ተገኘ። በኋላ ምርመራውን አቁሙ ተባሉ።

ከዚያ ከቀናት በኋላ ከሲያትል አጠገብ ኪርክላንድ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ በሽታው ተንሰራፍቶ ተገኘ፤ ከ30 በላይ ሰዎች ሞት ከዚያ ቤት ጋር ተያያዘ። በሽታው ገብቶ የተቀመጠው «ስርጭት የለም» በሚባልበት ወቅት ነው።

መስፈርቱ ማርች ላይ ላላ። ላላ ሲባል ግን ሌላ በር ተዘጋ። የሐኪም ትእዛዝ አምጡ ተባለ፤ ቋሚ ሐኪም የሌለው፣ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከየት ያምጣ? ብዙዎቹ መመርመሪያ ቦታዎች መኪና ውስጥ እንደተቀመጡ የሚመረመሩባቸው ነበሩ፣ በአውቶቡስ የሚሄደውስ? በአንጻሩ ማርች 11 ማታ ኦክላሆማ ላይ የዩታ ጃዝ ቅርጫት ኳስ ቡድን አንድ ተጫዋች ሲታመም ቡድኑና አብረውት ያሉት 58 ሰዎች በዚያችው ሌሊት ተመረመሩ። ጋዜጠኞች ታዋቂና ባለገንዘብ ሰው ቀድሞ ይመረመራል ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ምናልባት የሕይወት ነገር እንዲህ ሆኖ ይሆናል የሚል መልስ ሰጡ። እኚሁ ሰው ማርች 6 «መመርመር የፈለገ ሁሉ መመርመር ይችላል» ብለው ነበር። ከስድስት ቀን በኋላ የአገሪቱ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ኃላፊ የነበሩት አንቶኒ ፋውቺ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ሥርዓቱ እየሠራ እንዳልሆነ፣ ውድቀት መሆኑን እንመን አሉ።

ኮሪያስ? ደቡብ ኮሪያና አሜሪካ የመጀመሪያውን በሽተኛ ያረጋገጡት በአንድ ሰሞን ነው፤ በአንድ ቀን ልዩነት። ኮሪያ ግን በ2015 ሜርስ በሚባል የኮሮና ዘመድ በሆነ በሽታ ተቀጥታለች፤ 186 ሰው ተይዞ 38 ሞቶባታል፣ ያኔም ምርመራ ጠቦ ነበር። ስለዚህ ሕጓን ቀይራ በወረርሽኝ ጊዜ የግል ድርጅት የሠራው ምርመራ ባስቸኳይ እንዲፈቀድ አደረገች። ጃንዋሪ 27 ባለሥልጣናቱ የሕክምና ድርጅቶችን ሶል ባቡር ጣቢያ ሰበሰቡ፤ ምርመራ ሥሩልን፣ ቶሎ እንፈቅዳለን አሉ። የመጀመሪያው ድርጅት ፌብሩዋሪ 4 ተፈቀደለት። ቀኗን አስተውሉ፣ ኤፍዲኤ የሲዲሲን ምርመራ የፈቀደባት ቀን ናት። ኮሪያ ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ ሌሎቹንም ጨመረች፤ የአንዱ ኪት ቢበላሽ ሌላው አለ። ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ዴጉ ከተማ ውስጥ በሽታው ሲፈነዳ በቀን ከ10,000 በላይ ሰው መመርመር ቻሉ።

የአሜሪካ ጥፋት ኪቱ መበላሸቱ አይመስለኝም። ኪት ይበላሻል። ጥፋቱ ሁለተኛ ኪት እንዳይኖር አድርገው መቀመጣቸው ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። ፌብሩዋሪ 2020 ሲገባ በአፍሪካ ይህን ቫይረስ መመርመር የሚችሉት ሁለት ላቦራቶሪዎች ነበሩ፤ ዳካር ያለው ፓስተር ኢንስቲትዩትና የደቡብ አፍሪካው። የኢትዮጵያ ተጠርጣሪዎች ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። ናሙናው በአውሮፕላን ሄዶ ውጤቱ እስኪመለስ ሰውየው ተለይቶ ይቀመጣል። ብዙም ሳይቆይ አፍሪካ ሲዲሲ፣ የአፍሪካ ኅብረት የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ባለሙያዎችን ዳካር ላይ አሠለጠነ፣ በዚያው ወር የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አዲስ አበባ ላይ መመርመር ጀመረ። ማርች መጨረሻ ላይ ከ40 በላይ የአፍሪካ አገሮች ይችሉ ነበር። በእኔ እምነት ይሄ ከሚገባው በታች የተወራለት ሥራ ነው።

መቻል ግን በብዛት መሥራት አይደለም። ቦሌ ላይ ሙቀት ይለካ ነበር። ሙቀት መለኪያው ትኩሳት ያለውን ይይዛል፤ ቫይረሱ ገብቶበት ገና ያልታመመውን ያሳልፋል። መጋቢት 4 ይፋ የተደረገው የመጀመሪያው በሽተኛ ጃፓናዊ ነው፤ ከቡርኪና ፋሶ የገባው ከዘጠኝ ቀን በፊት ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የተገኙት ሰዎች አብዛኞቹ ወይ ከውጭ የመጡ ነበሩ ወይ ከነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸው። ይሄ የበሽታው ጠባይ ብቻ ነው? አይደለም። የሚመረመሩት በዋናነት እነዚያው ነበሩ። መግለጫው ላይ «የጉዞ ታሪክም ሆነ ንክኪ የሌላቸው» የሚለው ሦስተኛ መደብ ሲመጣ ነው የገባው ሰው ልቡ ስንጥቅ ያለው፤ አንድ እንደዚህ ያለ ሰው ከተገኘ፣ ከኋላው ያላየናቸው አሉ ማለት ነው።

ገንዘብ ቢገኝስ? መጋቢት 13 ቻይናዊው ባለሀብት ጃክ ማ የላከው ዕቃ አዲስ አበባ ገባና በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለየአገሩ ተከፋፈለ፤ ለእያንዳንዱ የአፍሪካ አገር 20,000 ኪት። ትልቅ ነገር ነው፣ ተመስገን ነው። ግን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር 20,000 ማለት ለ5,000 ሰው አንድ ነው። ኪቱም ቢሆን ያለ አርኤንኤ ማውጫ አይሠራም ብለናል። የያኔው የአፍሪካ ሲዲሲ ዳይሬክተር ጆን ንኬንጋሶንግ በዚያን ወቅት በአደባባይ ያማረሩት ይህንኑ ነበር፤ አገሮቻችን ገንዘብ ይዘው ገበያው ላይ የሚሸጥላቸው አጡ፣ ከ70 በላይ አገሮች የሕክምና ዕቃ ወደ ውጭ እንዳይወጣ አግደዋል አሉ።

ሌላ የሚያናድድ ነገር። ለቲቢ ተብሎ የገባ ጂንኤክስፐርት የሚባል ማሽን በየአገሩ ሆስፒታሎች ነበረ፣ እኛም ጋ። ማርች ላይ ለዚሁ ማሽን የሚሆን የኮሮና ካርትሬጅ፣ ናሙናውና ኬሚካሉ ያለበት ማሽኑ ውስጥ የሚሰካ ዕቃ፣ ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ማሽኑ አለ፣ ባለሙያው አለ፣ ኤሌክትሪኩም አንዳንዴ አለ። ካርትሬጁ ግን የሚሠራው አንድ ድርጅት ብቻ ነው፣ ወረፋው ረጅም ነው። ብዙዎቹ ዘመናዊ ማሽኖች እንደዚህ ናቸው፤ የራሳቸውን ድርጅት ኬሚካል ካልሆነ አይቀበሉም። ማሽን በእርዳታ ሲሰጥ ፎቶ እንነሳለን፣ ሪኤጀንቱን ለአምስት ዓመት ማን ይገዛል የሚለው ፎቶ ላይ አይወጣም።

እሺ፣ ምርመራ ትንሽ ከሆነ ምን ይደረጋል? አንዱ ብልሃት መደባለቅ ነው። ሐሳቡ የሮበርት ዶርፍማን ነው፣ 1943፣ የአሜሪካ ወታደሮችን ለቂጥኝ ሲመረምሩ። የ100 ሰው ናሙና አለ እንበል። በ10 በ10 ቀላቅላችሁ 10 ምርመራ ትሠራላችሁ። ከመቶው አንድ ሰው ብቻ ከተያዘ አንዱ ድብልቅ ብቻ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ የዚያን 10 ሰው ለየብቻ ትደግማላችሁ፤ በ20 ምርመራ 100 ሰው ጨረሳችሁ። ግን 10 ሰው ተይዞ በየድብልቁ አንድ አንድ ከደረሰ ሁሉንም መድገም ነው፣ 110 ምርመራ ይፈጃል፣ ከመጀመሪያውም የባሰ። ስለዚህ ይህ ዘዴ የሚያዋጣው በሽታው ገና ጥቂት እያለ ነው። ሩዋንዳ በ2020 ይህንኑ በሒሳብ አሻሽላ ተጠቅማበታለች፤ ሊቃውንቷ ከሒሳብ ሰዎች ጋር ሆነው ያሳተሙት ሥራ አለ።

ሌላው ብልሃት እኛም ቤታችን ሆነን የምንችለው ነው፤ ሁለቱን ቁጥሮች ማካፈል። ለምሳሌ ሰኞ 100 ሰው ተመርምሮ 20 ተገኘ እንበል። ከሳምንት በኋላ 1,000 ተመርምሮ 40 ተገኘ። ዜናው «በእጥፍ ጨመረ» ይላል። ግን የሰኞው ከመቶ 20 ነው፣ የኋለኛው ከመቶ 4። የቱ ቀን ነው የሚያስፈራው? ሰኞ ነው። ከመቶ 20 ሲገኝ፣ በጠና የታመመውን ብቻ እየመረመራችሁ ሌላውን እያሳለፋችሁ እንደሆነ ጥሩ ጥቆማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 2012 አካባቢ፣ እገዳ ለማንሳት ለሚያስቡ አገሮች ካስቀመጣቸው መለኪያዎች አንዱ ይህ ቁጥር ለሁለት ሳምንት ከመቶ 5 በታች መሆኑ ነበር። እርግጥ ይህም ሊያታልል ይችላል፤ ለሥራ ወይም ለጉዞ የሚመረመሩ ጤነኞች ከበዙ ቁጥሩ በሽታው ሳይቀንስ ይወርዳል። ማን ነው እየተመረመረ ያለው ብሎ መጠየቅ አይቀርም።

ውጤት የሚደርስበት ቀንም አለ። በጁላይ 2020 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ምርመራው በዝቶ ውጤት ከሳምንት በላይ የሚዘገይበት ቦታ ነበር። ሰውየው «ፖዘቲቭ ነህ» ሲባል ሊያስተላልፍ የሚችልባቸው ዋና ቀናት አልፈዋል። እንዲህ ያለው ምርመራ ለስታትስቲክስ ይጠቅም ይሆናል፣ ጎረቤቱን ግን አላዳነም።

ጷጉሜን እንዳለፈች፣ መስከረም 3/2013፣ አዲስ አበባ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከቻይናው ቢጂአይ ጋር የተሠራ የኪት ፋብሪካ ተመረቀ። በጎ ጅምር ነው፣ አንዱን ጎዶሎ ይሞላል። ስዋቡና አርኤንኤ ማውጫው ግን የራሳቸው ታሪክ አላቸው።

ኮሮና አለፈ ብላችሁ ይህን ሁሉ ምን ያደርግልናል የምትሉ ካላችሁ፣ ነሐሴ 2016ን ተመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ኤምፖክስን (ቀድሞ የዝንጀሮ ፈንጣጣ የሚባለውን) ዓለም አቀፍ አሳሳቢ ጉዳይ ብሎ ሲያውጅ ዲሞክራቲክ ኮንጎ በዚያው በፈረንጆቹ 2024 ብቻ ከ15,600 በላይ ታማሚዎችና 537 ሞት ተመዝግቦባት ነበር። አብዛኞቹ ታማሚዎች «ተጠርጣሪ» ናቸው፤ ሐኪም ሽፍታውን አይቶ የመዘገባቸው፣ ናሙናቸው ላቦራቶሪ ያልደረሰ። ኮንጎ ሰፊ ናት፣ መንገዱ ክፉ ነው፣ ላቦራቶሪው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ዜና ስትሰሙ «የተረጋገጠ» የሚለው ቁጥር ትንሽ ሆኖ ካያችሁት፣ ከማረፋችሁ በፊት «ተጠርጣሪ» የሚለውን ፈልጉ፣ ከዚያ ስንት ናሙና ተመረመረ የሚለውን። ሦስቱም በአንድ መግለጫ ላይ ካልተቀመጡ መግለጫውን ያወጣውን ሰው ጠይቁት።